ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፦ ምልክትን የወደዱ ንጉሥ

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከቦረና፣ ከወግዲ፣ ከከለላና ከሳይንት ደጋ እየተነሡ ወደ ግሸን አምባ የሚጓዙ ምእመናን ብዙዎች ናቸው። ስንቃቸውን ቋጥረው፣ ብርዱንና ጭቃውን ታግሠው፣ የመስከረም 21ን በዓል አክብረው ይመለሳሉ። ሲመለሱም ባዶ እጃቸውን አይገቡም። አንዱ በጨርቅ የተቋጠረ እምነት፣ ሌላው በኮዳ የሞላ ጠበል፣ ሌላይቱ ለልጅዋ አንገት የሚሆን ማተብ ወይም ትንሽ የእንጨት መስቀል ይዛ ትመጣለች። ያ ነገር በሣጥን ውስጥ ወይም ከራስጌ በኩል በግድግዳው ላይ ይቀመጣል። ክረምት ሲከብድ፣ ልጅ ሲታመም፣ እህል ሲያልቅ የቤቲቱ እናት ወደዚያ ዘወር ትልና እግዚአብሔር ባለፈው ዓመት እንዴት እንዳሻገራት ታስባለች።

በካቶሊካውያን ቤትም ነገሩ እንዲሁ ነው። ከአያት የተረፈ መቁጠሪያ፣ ከጥምቀት ቀን የቀረ ጧፍ፣ የመጀመሪያ ቁርባን መታሰቢያ ሥዕል፣ የእመቤታችን ሜዳልያ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ልጆችም አንዳንድ ጊዜ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራቸውን ይጠይቃሉ። እግዚአብሔር በሁሉ ስፍራ ካለ ይህ እንጨት፣ ይህ ክር፣ ይህ ወረቀት ለምን ይጠቅማል ይላሉ። ጥያቄው የልጅ ይምሰል እንጂ ጥልቅ ነው፤ በአገራችንም ታሪክ ውስጥ ብዙ ደም ያፈሰሰ ጥያቄ ሆኖ ያውቃል። ስለዚህ በዚህ እትም፣ ለመታሰቢያ ምልክቶች ከነገሥታቶቻችን ሁሉ ይበልጥ የተጨነቁትን፣ በምልክቶቹም ብዙ በጎ የሠሩትንና ከባድ ስሕተትም የሠሩትን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ሕይወት እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና አስተዳደግ

ዘርዐ ያዕቆብ በ1399 በፈጠጋር ምድር ጥልቅ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ዐፄ ዳዊት፣ እናታቸው እግዚእ ክብራ ይባላሉ። እናቲቱ በጭንቅ ሳሉ ወደ እመቤታችን ድንግል ማርያም አጥብቀው እንደ ለመኑና ሕፃኑም የጸሎት ፍሬ ሆኖ እንደ ተወለደ በትውፊት ይነገራል። እውነትም ንጉሡ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ለእመቤታችን የነበራቸው ፍቅር ባለዕዳ የሆነ ሰው ፍቅር ይመስላል።

ያደጉበትም ቤት መታሰቢያን የሚያከብር ቤት ነበር። ዐፄ ዳዊት በ1400 አካባቢ በወርቅ ቀለም ያስጌጡት የተአምረ ማርያም መጽሐፍ በግሸን ማርያም ተጠብቆ ለዘመናችን ደርሷል። በ1402 ደግሞ የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ባሕር ተሻግረው እስከ ቬኒስ ከተማ ደርሰዋል። የክርስቶስ መስቀል ክፋይ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በእኚሁ ንጉሥ ዘመን መሆኑ ይታመናል፤ በመስከረም 10 ቀን የሚከበረው የዐፄ መስቀል በዓልም የዚያ መታሰቢያ ነው።

የቦረና ሰው ሊያስታውሰው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዘመን የነበሩት ታላቁ ሊቅ አባ ጊዮርጊስ፣ ከመካነ ሰላም በማይርቀው በጋስጫ ገዳማቸው ስማቸው እስከ ዛሬ የሚጠራው፣ የንጉሡን ልጆች እንዳስተማሩ ይነገራል። አባ ጊዮርጊስ ሰዓታትን የደረሱ፣ ለመስቀሉ ውዳሴ የጻፉ፣ በ1424 መጽሐፈ ምሥጢርን የፈጸሙ አባት ናቸው። ወጣቱ ዘርዐ ያዕቆብ ለመስቀልና ለእመቤታችን የነበራቸው ፍቅር ከእንዲህ ዓይነቱ ምንጭ የተቀዳ ቢሆን አያስገርምም።

በአምባው ላይ

ዐፄ ዳዊት ካረፉ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። በቀደመው ሥርዓት መሠረት የንጉሥ ወንዶች ልጆች ስለ ዙፋን እንዳይዋጉ በግሸን አምባ ላይ ተዘግተው ይኖሩ ነበር። አምባው ዙሪያውን ገደል ነው፤ መውጫውም ጠባብና የሚጠበቅ ነበር። ንጉሥ ሲሞት ከእነዚያ እስረኞች አንዱ ይወርድና ይነግሣል፤ የቀሩት ግን እዚያው ያረጃሉ፣ እዚያው ይቀበራሉ። ዘርዐ ያዕቆብም ወደዚህ አምባ ከወጡት አንዱ ሆኑ።

በእነዚያ ሃያ ዓመታት ውስጥ በታች ባለው አገር ከአምስት የማያንሱ ነገሥታት ተፈራረቁ። ወንድም ነገሠ፣ ሞተ፤ የወንድም ልጅ ነገሠ፣ ሞተ። በላይ ያለው እስረኛ ግን ቀን የሚቆጥረው በደወልና በጾም፣ በበዓልና በጸሎት ሰዓት ነበር። ለእስረኛ ሰው ምልክት ትልቅ ነገር ነው። መውጣት መግባት በሌለበት፣ የነገው በማይታወቅበት ስፍራ፣ አንዲት የአንገት መስቀል ወይም አንድ የጸሎት መጽሐፍ እግዚአብሔር አልረሳህም የምትል ምስክር ትሆናለች። ኋላ በመንግሥታቸው ዘመን ለምልክቶች ያሳዩትን ብርቱ ፍቅር ስናነብ፣ ሥሩ ከአምባው ዘመን የበቀለ መሆኑን መገመት እንችላለን።

በ1434 ዕጣው ወደ እሳቸው ደረሰ። የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ ሆነው ከአምባው ወረዱና ነገሡ። በ1436 ወደ አክሱም ሄደው በጥንቱ ሥርዓት ዘውድ ጫኑ።

የመታሰቢያ ሥራዎቻቸው

ከአምባ የወረዱት ንጉሥ ያገኙት አገር ሰፊ፣ ሃይማኖቱ ግን ያልጸና ነበር። በብዙ ስፍራ ክርስቲያን ተብሎ ተጠምቆ ለዛፍና ለጠንቋይ የሚሰግድ ሰው ነበር። መነኮሳቱም ስለ ሰንበት አከባበር ለሁለት ተከፍለው ይከራከሩ ነበር። ንጉሡ ይህን ሁሉ ለማቅናት ያሰቡት በመጻሕፍትና በመታሰቢያ ነበር። መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ በእሳቸው ስም ይጠራሉ። ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ በዓመት ውስጥ ከሠላሳ የሚበልጡ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ አዘዙ። በዘመናቸውም ፍሬ ጽዮን የተባሉ መነኩሴ የእመቤታችንን ሥዕሎች ሣሉ፤ ሥዕሎቻቸውም ለኋለኞቹ ሠዓሊዎች አርአያ ሆኑ።

አብያተ ክርስቲያናትንም ሲያሠሩ መታሰቢያነታቸውን አይረሱም ነበር። በ1440ዎቹ መጀመሪያ በግብፅ አገር የነበረችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ደብረ ምጥማቅ እንደ ፈረሰች ሰሙ። እጅግ አዘኑ፤ ነገር ግን በኀዘን ብቻ አልቀሩም። በተጉለት አዲስ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ያንኑ የፈረሰውን ስም ሰጡአት። በዚያ የጠፋው በዚህ እንዲታሰብ ማድረጋቸው ነበር። በ1450 መነኮሳቱን የከፈለው የሰንበት ክርክር በስብሰባ የተፈታው በዚችው በደብረ ምጥማቅ ነው፤ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ ተወሰነ። ኋላም በሰማይ ላይ ብርሃን በታየ ጊዜ የእግዚአብሔር ምልክት ነው ብለው በዚያው ስፍራ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ስፍራውንም ደብረ ብርሃን አሉት። ዛሬ በዚያ ስም የምትጠራው ከተማ የዚያ መታሰቢያ ናት።

በእሳቸው ዘመን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስም በሮም ቤተ ክርስቲያን ዘንድም ተሰማ። በኢየሩሳሌም የነበሩት የኢትዮጵያውያን መነኮሳት አለቃ አባ ኒቆዲሞስ የላኩአቸው መልእክተኞች በ1441 በፍሎረንስ ጉባኤ ፊት ቀረቡ። እነዚያ መነኮሳት የመጡት ከንጉሡ ሳይሆን ከገዳማቸው ነበር፤ ሆኖም የተራራቁ ወንድማማቾች ፊት ለፊት የተያዩበት ቀን ስለሆነ በእኛ ዘንድ ሲታሰብ ይኖራል።

መስቀል በመስቀል ላይ

ከመታሰቢያዎቻቸው ሁሉ ለወሎ ሕዝብ የቀረበው ግን የግሸን ነው። መጽሐፈ ጤፉት እንደሚተርከው፣ ዐፄ ዳዊት የመስቀሉን ክፋይ ይዘው ሲመለሱ በመንገድ ሞቱ፤ አደራውም ለልጃቸው ቀረ። ዘርዐ ያዕቆብ በነገሡ ጊዜ መስቀሉን የት እንደሚያኖሩ ተጨነቁ። በሕልም መስቀሉን በመስቀል ላይ እንዲያኖሩ ተነገራቸው። የነገሩ ፍቺ ስላልገባቸው በብዙ አውራጃዎች እየዞሩ ፈለጉ። በመጨረሻም አራት ማዕዘን ክንዶቹን ዘርግቶ የመስቀል ቅርጽ የያዘ አምባ አገኙ። ያ አምባ ግሸን ነበር።

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ንጉሡ መላ አገሩን ዞረው ሲፈልጉ የኖሩት ስፍራ የታሰሩበት ተራራ ሆኖ ተገኘ። በእስር ዘመናቸው አምባውን እንደ ግድግዳ አይተውት እንጂ እንደ መስቀል አላዩትም ነበር። የመከራቸው ስፍራ ለመስቀሉ የተዘጋጀ ዙፋን ሆኖ ቆያቸው። በትውፊቱ ውስጥ ለእኛ የተሰወረው ትምህርት ይህ ይመስለኛል። እግዚአብሔር ታማኝነቱን ያሳየን ከመከራ ካወጣን በኋላ ብቻ አይደለም፤ በመከራችን ውስጥ ሳለን መልኩን ያላወቅንለት ስጦታ ከእግራችን በታች ነበረ። መታሰቢያ የሚያስፈልገንም ስለዚህ ነው። ሰው በጊዜው የማያየውን ኋላ ዞር ብሎ ያይ ዘንድ አንድ የሚጨበጥ ነገር ይሻል።

ምልክት ግዳጅ ሲሆን

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የሚያሳዝን ነው፤ ነገር ግን እውነቱን ሸሽገን የምናስተምረው ትምህርት ፍሬ የለውም።

ንጉሡ ለምልክት የነበራቸው ፍቅር ቀስ በቀስ ወደ ትእዛዝ፣ ትእዛዙም ወደ ቅጣት ተለወጠ። ክርስቲያን ሁሉ የሥላሴን ስም በግንባሩ፣ ሰይጣንን የሚክድበትን ቃል ደግሞ በሁለቱ እጆቹ ላይ ጽፎ እንዲታይ አዘዙ። በልብስ፣ በጦር መሣሪያ፣ በእርሻ ዕቃ ላይ ሳይቀር የመስቀል ምልክት እንዲደረግ ተባለ። ምልክቱን ያልያዘ ሰው ጣዖት አምላኪ ነው ተብሎ የሚጠረጠርበት ዘመን መጣ። በዚያን ጊዜ ክሩና ጽሑፉ የእግዚአብሔርን ቸርነት የሚያስታውስ መሆኑ ቀርቶ የንጉሡን ቁጣ የሚያስታውስ ሆነ።

አባ እስጢፋኖስና ደቀ መዛሙርታቸውም በዚህ ዘመን ተነሡ። ስግደት ለአብ ለወልድ ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው ብለው ለንጉሡ፣ ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል መስገድን እምቢ አሉ። ቤተ ክርስቲያን በ787 በሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ እንደ ወሰነችው፣ ለመስቀልና ለሥዕል የሚሰጠው ክብር በእንጨቱና በቀለሙ ላይ አይቆምም፤ ወደ ተመሰለው ያልፋል። ስለዚህ ለእነዚህ መነኮሳት በትዕግሥት ሊመለስ የሚችል ትምህርታዊ መልስ ነበረ። የተሰጣቸው መልስ ግን ግርፋት፣ እስራት፣ ስደትና ሞት ሆነ። አባ እስጢፋኖስ በእስር አረፉ። ብዙዎች ተከታዮቻቸውም በጭካኔ ተገደሉ። የክርስቶስን ትዕግሥት ሊያስታውስ የተሰጠው መስቀል የማይታገሥ እጅ ያዘው።

ጥርጣሬው በመጨረሻ ወደ ንጉሡ ቤት ገባ። ጣዖት አመለኩ ተብለው የተከሰሱ የገዛ ልጆቻቸው ተቀጡ፤ አንዳንዶቹም በዚሁ ሞቱ። የልጃቸው የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ ዱለት አሲረዋል ተብለው ተገረፉና ከግርፋቱ የተነሣ አረፉ። በእደ ማርያም የእናታቸውን ሞት ባወቁ ጊዜ ለተቀበሩባት ቤተ ክርስቲያን ዕጣንና ጧፍ ሰጡ። አባትየው ይህን ሰምተው ተቆጡ፤ ልጁም ለጊዜው መከራ ተቀበሉ።

እነዚህን ሁለት መታሰቢያዎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በአንድ በኩል በአገሩ ሁሉ ግንባር ላይ በትእዛዝ የተጻፈ ጽሑፍ አለ፤ በሌላ በኩል አንድ ልጅ ለሞተች እናቱ በፍርሃት መካከል ያቀረበው ጥቂት ዕጣን። የመጀመሪያው ለሁሉ ይታያል፤ ሁለተኛው ወዲያው ጢስ ሆኖ ይጠፋል። ነገር ግን መታሰቢያ የተባለው ነገር ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በሁለተኛው ነው፤ ከፍቅር የወጣ ነውና።

ከንጉሡ በኋላ

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሠላሳ አራት ዓመት ነግሠው በ1468 በደብረ ብርሃን አረፉ፤ በደብረ ነጎድጓድም ተቀበሩ። ዐፄ በእደ ማርያም ሲነግሡ ለእስረኞች ምሕረት አደረጉ። እሳቸውም በፈንታቸው መታሰቢያን የሚወዱ ሆኑ፤ አትሮንሰ ማርያም የተባለችውን ቤተ ክርስቲያን በአማራ ምድር አሳንጸው የቀደሙትን ነገሥታት ዐፅም ሰበሰቡባት። ይሁን እንጂ አትሮንሰ ማርያም በ1531 በጦርነት ተቃጠለች። ግሸን አምባም በ1540 በጦር ተያዘ። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዐፅም ከመጀመሪያው መቃብር ወጥቶ በጣና ሐይቅ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ተወሰደ፤ ዛሬም በዚያ ይገኛል።

ስንት ወርቅ፣ ስንት ብራና፣ ስንት ግምጃ በእሳት ጠፋ! የግሸን መንገድ ግን አልጠፋም። ያለ ዐዋጅና ያለ ቅጣት ሕዝቡ እስከ ዛሬ በእግሩ ይሄዳል። ንጉሡ በፍርሃት ያስጻፉት ምልክት ከግንባር ሲታጠብ፣ በእምነት የተከሉት በልብ ቀረ።

ለእኛ የቀረልን ትምህርት

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህ ሕይወት ብዙ ይናገራል። እግዚአብሔር ራሱ የመታሰቢያ ነገሮችን እንዳልናቀ በመጽሐፍ ቅዱስ እናነባለን። ኢያሱ ዮርዳኖስን ሲሻገር ከወንዙ ዐሥራ ሁለት ድንጋይ አስወጥቶ ያቆመው ልጆች ስለ ድንጋዮቹ በሚጠይቁበት ጊዜ አባቶች እንዲተርኩላቸው ነበር። ሳሙኤልም እግዚአብሔር እስከዚያ ድረስ እንደ ረዳቸው ለማሳሰብ ድንጋይ አቆመ። ድንጋዩ ብቻውን አይናገርም፤ የሚናገረው አባትና እናት ናቸው። ስለዚህ በቤታችን ያለው መቁጠሪያ ታሪኩ ካልተነገረ ለልጁ ተራ ዶቃ ነው። አያቱ በየትኛው ሌሊት፣ ስለ ማን፣ ምን ለምነውበት እንደ ነበር ሲሰማ ግን የእግዚአብሔር ታማኝነት ምስክር ይሆንለታል።

በሌላ በኩል ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናሱ እባብ ለመዳን የተሰጠ መታሰቢያ ሆኖ ሳለ፣ ሕዝቡ ዕጣን ሲያጥንለት ንጉሥ ሕዝቅያስ እንደ ሰባበረው መዘንጋት የለብንም። መታሰቢያ ከጣት ጋር ይመሳሰላል፤ ሥራው ወደ ጌታ ማመልከት ነው። ጣቱን ብቻ የሚያይ ሰው መንገዱን ይስታል። ማተብ ከክፉ ዕድል የሚጠብቅ ክታብ ነው ብሎ የሚያስር ሰው፣ ወይም ማተብ ያላሰረውን ጎረቤቱን የሚንቅ ሰው፣ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ስሕተት ጥቂት ወርሷል ማለት ነው። ልጅን ስለ ምልክት ስናስተምረውም በፍቅር እንተርክለት እንጂ በማስፈራራት አናስጨንቀው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በመጨረሻይቱ እራት ለመታሰቢያው እንድናደርገው ያዘዘን ቅዱስ ቁርባን አለን። ሌሎቹ መታሰቢያዎች ስለ እርሱ ያሳስቡናል፤ በዚህ ግን እርሱ ራሱ ከእኛ ጋር ይገኛል። የቤታችን ትንንሽ ምልክቶች ሁሉ ወደዚህ መንበር ካደረሱን ሥራቸውን ፈጽመዋል።

እንግዲህ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ በቤታችን ያለውን አንድ መታሰቢያ እናውርድ፤ አቧራውን እንጥረግለት። ልጆቻችንን በዙሪያችን ሰብስበን ከየት እንደ መጣና እግዚአብሔር በዚያን ጊዜ ምን እንዳደረገልን እንንገራቸው። የሚያሳዝነውንም ክፍል አንዝለል፤ የግሸኑ እስረኛ መስቀሉን ያኖሩት በታሰሩበት ተራራ ላይ ነውና። ታማኙ አምላክ ልባችንን ያንቃ፤ ያደረገልንንም ከመርሳት ይጠብቀን። አሜን።